ክፍያ የሌለው ደጃፍ፦ የቤርያ ትምህርት ቤትና ኮሌጅ ታሪክ

በዩናይትድ ስቴትስ በኬንታኪ ክፍለ ግዛት፣ ከሌክሲንግተን በስተደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ለጥ ያለው የእርሻና የግጦሽ ምድር አልቆ የአፓላቺያ ተራሮች በሚጀምሩበት ጠርዝ ላይ የተቀመጠችው ቤርያ፣ ዛሬም ነዋሪዎቿ 15 ሺህ ያህል ብቻ የሆኑ ትንሽ ከተማ ናት። ከተማዋ የተቆረቆረችው በአንዲት ቤተ ክርስቲያንና በአንድ የግል ትምህርት ቤት ዙሪያ በመሆኑ የነዋሪዎቿን ታሪክ ከትምህርት ቤቱ ታሪክ ለይቶ መጻፍ አይቻልም፤ ለረጅም ዘመን የከተማዋ ውኃና መብራት እንኳ የሚመጣው ከኮሌጁ ነበር። በ1855 በአንድ ክፍል የተጀመረው ይህ ትምህርት ቤት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በባርነት ምድር ላይ ጥቁሩንና ነጩን ጎን ለጎን አስቀምጦ ለማስተማር የታሰበ፣ ኋላም ከተማሪዎቹ የትምህርት ክፍያ መቀበልን ጨርሶ የተወ ነው። በእነዚህ ሁለት ነገሮች ስሙ በበጎ ይነሣል፤ መነሣቱም የተገባ ነው። ሆኖም ሁለቱ አብረው የቆዩት መጀመሪያ ላይ ለ12 ዓመታት ብቻ እንደነበረ፣ ከዚያም ለግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ እንደተለያዩ እምብዛም ስለማይነገር፣ የቤርያ ታሪክ በደጃፉ ማን ገባ፣ ማንስ ከደጃፉ ተመለሰ ከሚለው ጥያቄ አንጻር መመርመር ይኖርበታል።

መሥራቹ ጆን ግሬግ ፊ በ1816 በሰሜን ኬንታኪ በብራከን አውራጃ ከባሪያ አሳዳሪ አባት የተወለደ ሲሆን፣ በሲንሲናቲ በሚገኘው የሌን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት በሚማርበት ጊዜ ባርነት ኃጢአት ነው ወደሚል ጽኑ እምነት ደረሰ። በዚያ ዘመን ባርነትን የሚቃወሙ ሰዎች በሐሳብ አንድ አልነበሩም፤ አንዳንዶቹ ሥርዓቱ ለክፍለ ግዛቱ ኢኮኖሚ ጎጂ ስለሆነ ቀስ በቀስ ይቅር ሲሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ ነፃ የወጡት ጥቁሮች ከአገር ወጥተው ወደ አፍሪካ እንዲላኩ ይሹ ነበር። ፊ ከሁለቱም ተለይቶ ባርነት ዛሬውኑ እንዲጠፋና ነፃ የወጣው ሰውም በቤተ ክርስቲያን፣ በትምህርት ቤትና በሰፈር ከነጩ ጋር እኩል እንዲኖር የሚሰብክ ሰው ነበር። አባቱ ከውርስ ነቀለው። ከአባቱ ቤት ገዝቶ ነፃ ያወጣት ጁሌት ማይልስ የምትባል ሴት በ1858 በባርነት የቀሩትን ልጆቿንና የልጅ ልጆቿን ይዛ የኦሃዮን ወንዝ ለመሻገር ስትሞክር ተይዛ ታሰረች፤ በእስር ቤትም ሞተች። ፊ ስለ ነፃነት የሰበከው ሁሉ ዋጋው ምን እንደሆነ በሚገባ እያወቀ ነበር።

ፊን ወደ ደቡባዊው ተራራ ግርጌ የጠራው ካሲየስ ክሌይ የተባለ ባለጸጋና ፖለቲከኛ ሲሆን፣ እርሱም ባርነት እንዲቀር የሚታገል፣ ነገር ግን ይህ መሆን ያለበት በሕግና በምርጫ ነው የሚል ሰው ነበር። ክሌይ በ1853 በማዲሰን አውራጃ 10 ኤከር፣ ማለትም 4 ሄክታር ያህል መሬት ለፊ ሰጠው፤ ፊም ቦታውን በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ላይ ቃሉን በቅንነት በመመርመራቸው በተመሰገኑት ሰዎች ከተማ ስም ቤርያ ብሎ ጠራው። የኮሌጁ መሪ ቃል የተወሰደውም ከዚያው ምዕራፍ፣ የሰው ወገን ሁሉ ከአንድ ደም መገኘቱን ከሚናገረው ክፍል ነው። በ1855 የተከፈተው ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት መምህራኑን ያገኘው በኦሃዮ ከሚገኘውና ጥቁሮችን ከነጮች ጋር በማስተማር ቀዳሚ ከነበረው የኦበርሊን ኮሌጅ ሲሆን፣ በ1858 ጆን ሮጀርስና ባለቤቱ ኤልሳቤጥ ማስተማሩን ሲረከቡ ሥራው መልክ ያዘ፤ በቀጣዩ ዓመትም ትምህርት ቤቱን ወደ ኮሌጅ የሚያሳድግ ሕገ ደንብ ተረቀቀ። ደንቡ ተቋሙ ክርስቲያናዊ ሆኖ ለአንድ የእምነት ወገን የማያደላ፣ ባርነትንና ሰውን በዘሩ የሚለየውን ሥርዓት የሚቃወም እንዲሆን ያዝዝ ነበር። ባርነት በሕግ በጸናበት፣ በ1860 ከ225 ሺህ በላይ ሰዎች በባርነት በተያዙበት ክፍለ ግዛት ውስጥ ይህን በሰነድ ማስፈር እንደ ክህደት የሚቆጠር ድፍረት ነበር።

በመሬት ሰጪውና በሰባኪው መካከል የነበረው መግባባት ግን አልዘለቀም። በሐምሌ 4 ቀን 1856 የነፃነት በዓል ሲከበር ፊ ከጌቶቻቸው ያመለጡ ሰዎች ተይዘው እንዲመለሱ የሚያስገድደው ሕግ ከእግዚአብሔር ሕግ ጋር ስለሚጋጭ ሊታዘዙት አይገባም ብሎ ሲናገር፣ ክሌይ እዚያው ሕዝብ ፊት ተነሥቶ ሕግ እስካልተሻረ ድረስ ሕግ ነው ሲል ተቃወመው። ከዚያ ቀን በኋላ ክሌይ ጥበቃውን አነሣ፤ ያለ እርሱ ጥላ ትንሿ መንደር ለባሪያ አሳዳሪዎቹ ቁጣ ተጋለጠች።

ቁጣው የገነፈለው በጥቅምት 1859 ባርነትን በጦር ለማጥፋት የተነሣው ጆን ብራውን በሃርፐርስ ፌሪ የሚገኘውን የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ለመያዝ ሙከራ ካደረገ በኋላ ነው። ፊ በዚያ ሰሞን ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ ለማሰባሰብ ወደ ምሥራቅ ሄዶ ነበርና በብሩክሊን በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን ባደረገው ንግግር የብራውንን የጦር መንገድ ሳይሆን ራስን አሳልፎ የመስጠት መንፈሱን አወደሰ፤ ጋዜጦች ግን ንግግሩን ቆራርጠው ለአመፅ ጥሪ እንዳደረገ አስመስለው አተሙት። በታኅሣሥ 23 ቀን፣ ገና ሊከበር ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከአውራጃው ዋና ከተማ ከሪችመንድ የመጡ 60 ያህል የታጠቁ ፈረሰኞች መንደሯን ከብበው በየቤቱ ደጃፍ በመቆም ለእያንዳንዱ አባወራ አንድ ዓይነት ትእዛዝ ሰጡ፤ በ10 ቀን ውስጥ ከክፍለ ግዛቱ ውጡ የሚል ነበር። ነዋሪዎቹ ለአገረ ገዢው አቤት ቢሉም ጥበቃ ሊያደርግላቸው እንደማይችል ስለመለሰላቸው፣ በክረምቱ ብርድ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ኦሃዮ ተሰደዱ።

በእርስ በርስ ጦርነቱ ወቅት ፊ ወደ ኬንታኪ ተመልሶ በካምፕ ኔልሰን ጥቁር ምልምል ወታደሮችን ማስተማር ጀመረ። ይህ የጦር ሰፈር ጥቁር ወታደሮች ከሠለጠኑባቸው ትልልቅ ሰፈሮች አንዱ ሲሆን፣ ኬንታኪ ከኅብረቱ ያልተገነጠለች በመሆኗ የፕሬዚዳንት ሊንከን የነፃነት አዋጅ ስለማይመለከታት፣ በዚያ ለሚኖር በባርነት የተያዘ ሰው ወታደር መሆን ከሞላ ጎደል ብቸኛው ሕጋዊ የነፃነት መንገድ ነበር። በኅዳር 1864 ከሰፈሩ አዛዥ በወጣ ትእዛዝ የወታደሮቹ ሚስቶችና ልጆች፣ 400 ያህል ሰዎች፣ በብርድ ወደ ሜዳ ተጣሉ፤ 102ቱ ሞቱ። ሐዘኑና ቁጣው እስከ ዋሽንግተን ስለተሰማ በመጋቢት 1865 ኮንግረሱ የወታደሮችን ቤተሰቦች ነፃ የሚያወጣ ሕግ አወጣ። የቤርያ ሁለተኛ ልደት ከዚህ መከራ ጋር የተያያዘ ነው፤ ምክንያቱም ትምህርት ቤቱ እንደገና ሲከፈት ከመጡት ጥቁር ቤተሰቦች ብዙዎቹ ፊ በካምፕ ኔልሰን ያወቃቸው ነበሩ።

በ1866 መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ሥራውን ሲቀጥል ተማሪዎቹ ነጮች ብቻ ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ ጥቂት ጥቁር ልጆች በመጋቢት ወር ደጁን አልፈው ሲገቡ ነጮቹ ተማሪዎች ተያይተው መጻሕፍታቸውን ሰብስበው መውጣት ጀመሩ፤ ከክፍሉ ግማሽ ያህሉ ተነሥቶ ሄደ። መምህራኑ በዚያች ቀን ጥቁሮቹን ልጆች ለጊዜው ቢመልሱ ኖሮ የወጡት በማግሥቱ ሊመለሱ ይችሉ ነበር፤ እነርሱ ግን ትምህርቱን በቀሩት ቀጠሉ። ከወጡት አንዳንዶቹ ውሎ አድሮ ተመለሱ፣ ሌሎች ነጮችም መጡ፤ በ1866–67 የትምህርት ዘመን ከ187 ተማሪዎች 96ቱ ጥቁሮች፣ 91ዱ ነጮች ነበሩ። ይህ ቁጥር የተመዘገበው ጦርነቱ ካበቃ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላና የኬንታኪ ምክር ቤት ባርነትን የሻረውን 13ኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አልቀበልም ባለበት ጊዜ መሆኑን ማስታወስ ያሻል።

በዚያ ዘመን ኮሌጅ የሚለው ስም ብዙውን ጊዜ የሚያመለክተው የወደፊቱን ነበር። በቤርያ አብዛኛው ተማሪ ፊደል ከመቁጠር ጀምሮ በአንደኛ ደረጃ፣ ቀጥሎም አካዳሚ በሚባለው የመሰናዶ ክፍልና መምህራን በሚሠለጥኑበት ኖርማል በተሰኘው ክፍል ይማር ስለነበር፣ የኮሌጅ ትምህርት የተጀመረው በ1869፣ የመጀመሪያው ዲግሪ የተሰጠውም በ1873 ነው። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ኤድዋርድ ሄንሪ ፌርቻይልድ ከ1869 እስከ 1889 ሲመራ የጥቁሩና የነጩ ቁጥር ተቀራራቢ ሆኖ ቆየ። ጁሊያ ብሪተን የተባለች ወጣት ጥቁር ሴት በ1870ዎቹ መጀመሪያ ነጮቹንም ጥቁሮቹንም ሙዚቃ አስተምራለች፤ በዚያው የተማረችው እኅቷ ሜሪ ብሪተን በሌክሲንግተን የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሐኪም ሆናለች። ፊ ደግሞ በከተማዋ የሚሸጠው መሬት የጥቁሩ ቤት ከነጩ ቤት ጎን እንዲሆን እያሰባጠረ ያስተላልፍ ነበር፤ ልጆች በክፍል ውስጥ አብረው ተቀምጠው ማታ በተለያየ ሰፈር የሚያድሩ ከሆነ እኩልነቱ ሥር እንደማይሰድ ተረድቶ ነበርና። ከቤርያ ሥራዎች ሁሉ ይበልጥ ጥልቅ የነበረው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ለውጡ የመጣው በ1892 የፕሬዚዳንትነቱን ሥራ ከተረከበው ከዊልያም ጉዴል ፍሮስት ጋር ነው። ፍሮስት ከኦበርሊን የመጣ፣ የመናገር ተሰጥዎ ያለው፣ ገንዘብ በማሰባሰብ የተካነ ሰው ነበር። የትምህርት ክፍያ የቀረው በዚያው በ1892 ሲሆን፣ ተማሪዎች የትምህርቱን ዋጋ በገንዘብ ሳይሆን በሥራ እንዲያግዙ የሚያደርገው ሥርዓት ከዚያ በኋላ እየጠነከረ መጣ። ፍሮስት በፈረስ የአፓላቺያን ተራሮች እየዞረ ሲያይ፣ መንገድና ትምህርት ቤት ያልደረሰላቸው፣ በዕደ ጥበባቸውና በዜማቸው የጥንቱን ዘመን የጠበቁ ድሆች ነጮችን አገኘ፤ በ1899 በአትላንቲክ መንዝሊ መጽሔት ባወጣው ጽሑፍም እነዚህን የተራራ ሰዎች በዘመናችን የሚኖሩ አባቶቻችን አድርጎ ለሰሜኑ ሀብታም አስተዋወቃቸው። የጦርነቱ ትዝታ እየደበዘዘ ሲሄድ ለነፃ ወጪዎች ትምህርት መስጠት የሰለቸው የሰሜኑ ለጋሽ ለተራራው ነጭ እጁን ዘረጋ፤ በመሆኑም የኮሌጁ ምልመላ፣ ስብከትና ገንዘብ ሁሉ ወደ ተራራው ዞረ። ፍሮስት ሲመጣ ከተማሪው ግማሽ ያህሉ የነበሩት ጥቁሮች ከ12 ዓመት በኋላ ከስድስቱ አንዱ ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። ቀደምት ጥቁር ተማሪዎችም ተቋሙ ከመሠረቱ እየራቀ ነው ብለው በወቅቱ ተቃውመዋል። ደጃፉን ሕግ ከመዝጋቱ በፊት የተቋሙ የራሱ ምርጫ አጥብቦት ነበር ማለት ይቻላል፤ ይህን ሳይናገሩ ጥፋቱን ሁሉ በሕግ አውጪው ላይ መጫን እውነቱን ማጉደል ይሆናል።

በእነዚያ እየጠበቡ በሄዱ ዓመታት ውስጥ ካለፉት መካከል ካርተር ጂ. ውድሰን ይገኛል። ከባርነት ነፃ ከወጡ ወላጆች የተወለደውና በወጣትነቱ በዌስት ቨርጂኒያ የድንጋይ ከሰል ማውጫ የሠራው ውድሰን በ1897 ገብቶ እያቋረጠ ተምሮ በ1903 ተመረቀ፤ በ1912 ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበለ፤ በ1926ም ኋላ የጥቁሮች ታሪክ ወር ለመሆን ያደገውን የታሪክ ሳምንት መሠረተ። እርሱ በተመረቀ በዓመቱ የእርሱ ዓይነት ተማሪ በቤርያ መማር ወንጀል ሆነ።

በጥር 1904 ከተራራማው የብሬዚት አውራጃ የተመረጠው የምክር ቤት አባል ካርል ዴይ ያቀረበው ረቂቅ ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን በአንድነት የሚቀበል ማንኛውም ትምህርት ቤት እንዳይኖር የሚከለክል ነበር። ሕጉ ጥሰት የፈጸመ ተቋም 1,000 ዶላር፣ ከዚያም ጥሰቱ በቀጠለበት በእያንዳንዱ ቀን 100 ዶላር እንዲከፍል የሚያዝዝ ሲሆን፣ አንድ ተቋም ለሌላው ዘር ቅርንጫፍ መክፈት ቢፈልግ እንኳ 25 ማይል፣ ማለትም 40 ኪሎ ሜትር መራቅ እንዳለበት ይደነግግ ነበር። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አስቀድመው በዘር ተለይተው ስለነበር፣ በመላው ክፍለ ግዛት ሕጉ የሚነካው ኮሌጅ ቤርያ ብቻ ነበር። ኮሌጁ ተከሰሰ፣ 1,000 ዶላር ተቀጣ፣ ይግባኝም አለ። የኬንታኪ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1906 የ25 ማይሉን ድንጋጌ ሽሮ ሌላውን ሲያጸና፣ ጉዳዩ ወደ ዩናይትድ ስቴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ።

በኅዳር 9 ቀን 1908 በሰባት ድምፅ በሁለት የተሰጠው ውሳኔ ማንኛውም የግል ትምህርት ቤት ባለቤት ሊያውቀው የሚገባ ነው። ቤርያ የመንግሥት ገንዘብ የማይቀበል፣ ተማሪዎቹም በፈቃዳቸው የመጡበት የግል ተቋም በመሆኑ፣ ጠበቆቹ መንግሥት በግል ሰዎች ስምምነት መካከል ሊገባ አይችልም ብለው ተከራከሩ። ዳኛ ዴቪድ ብሩወር የጻፈው የአብላጫው ውሳኔ ግን ክርክሩን በሌላ በኩል ዞሮ አለፈው። ኮሌጁ ሕጋዊ ሰውነት ያገኘው በቻርተር፣ ማለትም ክፍለ ግዛቱ አንድ ማኅበር እንዲቋቋም በሚፈቅድበት ሰነድ ስለሆነ፣ ቻርተሩን የሰጠ መንግሥት ሊያሻሽለውም ይችላል፤ ለአንድ ግለሰብ ሊከለከል የማይችለው ነገርም ለማኅበር ሊከለከል ይችላል የሚል ነበር። በዚህ መንገድ ፍርድ ቤቱ በዘር መለያየትን በሚመለከተው ዋና ጥያቄ ላይ ሳይፈርድ የቤርያን ደጅ ዘጋ። የኬንታኪ ተወላጁ ዳኛ ጆን ማርሻል ሃርላን፣ በ1896ም በባቡር ውስጥ መለያየትን ብቻውን የተቃወመው ሰው፣ በልዩነት ሐሳቡ ይህ ከተፈቀደ መንግሥት ሁለቱ ዘሮች በአንድ ቤተ ክርስቲያን እንዳያመልኩና በአንድ ገበያ እንዳይገናኙ ሊከለክል ይችላል ሲል አስጠነቀቀ። ኋላ የደቡብ ከተሞች ያወጧቸውን ሕጎች የተመለከተ ሰው ሃርላን በትክክል አይቶ እንደነበር ይመሰክራል።

ኮሌጁ ነጮቹን አስቀርቶ ጥቁሮቹን ለመሸኘት መረጠ። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግዴታ ቢሆንም፣ የተመረጠው ወገን የትኛው እንደሚሆን በፍሮስት ዘመን የተወሰነ ነበርና ብዙ አላከራከረም። የጥቁሮቹ ተማሪዎች ወጪ እየተሸፈነ ፊስክንና ሃምፕተንን ወደመሳሰሉ የጥቁሮች ተቋማት ተላኩ፤ አንድሩ ካርኔጊ በሰጠው 200 ሺህ ዶላርና ከሌሎች በተሰበሰበ ገንዘብም በሼልቢ አውራጃ በሲምፕሰንቪል አጠገብ የሊንከን ኢንስቲትዩት ተሠርቶ በ1912 ተከፈተ። ሊንከን የመሰናዶና የሙያ ትምህርት ቤት እንጂ ቤርያን የሚተካ ኮሌጅ አልሆነም። ቢሆንም ከ1935 ጀምሮ በዊትኒ ያንግ አባትየው መሪነት ብዙ ወጣቶችን አፈራ፤ በዚያው ግቢ የተወለደው ልጁ ዊትኒ ያንግ በ1960ዎቹ ብሔራዊ የከተማ ሊግን እየመራ ከሰብአዊ መብት ትግሉ ዋና ዋና ሰዎች አንዱ ለመሆን በቃ። ትምህርት ቤቱ በ1966 ተዘጋ።

በቤርያ በዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት የተገነባው ሥርዓት በራሱ ሲታይ የሚደነቅ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት በኮሌጁ ሥራ ላይ የመዋል ግዴታ ያለበት ሲሆን፣ ሽመናው፣ የመጥረጊያ ሥራው፣ አናጢነቱ፣ እርሻውና ቢሮው ሁሉ የተማሪ እጅ አለበት። በ1906 የተመረቀው የፌልፕስ ስቶክስ ጸሎት ቤት ጡቡ ሳይቀር በተማሪዎች የተሠራ ነው፤ በ1909 በከተማዋ መካከል የተከፈተው ቡን ታቨርን ሆቴልም በእነርሱ አገልግሎት ይተዳደራል። ኮሌጁ ከከተማዋ በላይ ባሉት ኮረብታዎች ከ8 ሺህ ኤከር በላይ ደን ስላለው ውኃው የሚጠራቀመው በዚያ ነው።

ክፍያ ሳይቀበሉ መኖር ያስቻለው ግን የተማሪው ጉልበት ብቻ አይደለም። በ1920 የባለአደራዎች ቦርድ ለተለየ ዓላማ ሳይወሰን በኑዛዜ የሚተላለፍ ገንዘብ ሁሉ ወደ ቋሚ ፈንድ እንዲገባ ወሰነ፤ ቋሚ ፈንድ ማለት ዋናው ሳይነካ ከትርፉ ብቻ እየተቀነሰ ለሥራ የሚውል ሀብት ነው። አንድ ድሃ ትምህርት ቤት በየዓመቱ የሚያገኘውን ስጦታ በየዓመቱ ከመብላት ራሱን መከልከሉ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ከመቶ ዓመት በኋላ ፈንዱ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ደርሶ የኮሌጁን አብዛኛውን ወጪ ይሸፍናል፤ 1,500 ያህሉ ተማሪዎችም የትምህርት ክፍያ አይጠየቁም። በ2017 የወጣው የፌዴራል የታክስ ሕግ በሀብታም የግል ኮሌጆች ፈንድ ትርፍ ላይ 1.4 በመቶ ግብር ሲጥል ቤርያንም ሊመለከታት ነበር፤ በ2018 በተደረገ ማሻሻያ ግን ከ500 በታች ከፋይ ተማሪ ያላቸው ተቋማት ከግብሩ ተለዩ። ዛሬ ተማሪ የሚመረጠው የመክፈል አቅም ስላለው ሳይሆን አቅም ስለሌለው ነው።

ከተማዋን የወለደው የሕፃናትና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እስከ 1968 ከኮሌጁ ጋር ቆይቶ በዚያ ዓመት ተቋረጠ። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በተራራው ውስጥ እየተስፋፉ በመምጣታቸው ኮሌጁ በኮሌጅነቱ ብቻ ቀጠለ።

የኬንታኪ ምክር ቤት በ1950 የዴይን ሕግ አሻሽሎ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ ያሉ ተቋማት ከፈለጉ ጥቁሮችን እንዲቀበሉ ሲፈቅድ፣ ቤርያ በዚያው ዓመት ጥቁር ተማሪዎችን መለሰ፤ በአራት ዓመት ውስጥም ከእነርሱ መካከል ዲግሪ የተቀበለ ተገኘ። በ1954 በመንግሥት ትምህርት ቤቶች በዘር መለያየትን የሻረው፣ ብራውን በሚባለው ክስ የተሰጠው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ሲመጣ የሕጉ ቀሪ ክፍል መሠረት አጣ። ዛሬ ኮሌጁ ስለ ራሱ ሲናገር ከ1855 ጀምሮ ለጥቁርና ለነጭ የተከፈተ መሆኑን ያስቀድማል፤ ይህ ሙሉ እውነት የሚሆነው ግን ደጃፉ የተከፈተባቸውና የተዘጋባቸው ዓመታት አብረው ሲነገሩ ነው። የቤርያ ደጃፍ ከ1866 እስከ 1904 ለሁሉም ተከፍቶ የቆየው 38 ዓመት ሲሆን፣ ከ1904 እስከ 1950 በጥቁሮች ላይ ተዘግቶ የቆየው 46 ዓመት ነው።